የፋርማሲስት ዓይንና የጆሮ ታምቡር፦ ለአንድ ሐኪም ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን የአንድ ሐኪም ጽሑፍ አነበብኩ። ለፋርማሲስቶች የጆሮ ብግነት መመርመሪያ መሣሪያ መንደፍ አያስፈልግም ይላሉ። በቅንነት እንደጻፉት ከመጀመሪያው አንቀጽ ያስታውቃል፤ እኔም የምመልሰው በአክብሮት ነው።

ምክንያታቸው አምስት ነው። የጆሮ ታምቡርን አይቶ መፍረድ የሐኪም ዓይን ይፈልጋል። ፋርማሲስት ስለ ሕመሙና ስለ ትኩሳቱ ከጠየቀ ይበቃዋል፤ ማየት አይጠበቅበትም። መሣሪያው ከገባ አንቲባዮቲክ እንደ ከረሜላ ይታደላል። የግድ ይሠራ ከተባለም «አለ» ወይም «የለም» ብሎ የሚመልስ ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ይሁን፣ ፋርማሲስቱ ራሱ አይፍረድ። በመጨረሻም፣ ባንኮኒ ላይ ለዚህ የሚሆን ጊዜ የለም።

እኔ ፋርማሲስት ነኝ። ልጇን ታቅፋ «ጆሮውን እያለ ሲያለቅስ አደረ» የምትል እናት ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የምትመጣው ወደ እኔ ነው። ስለዚህ ጽሑፉን አንብቤ ዝም ማለት አልሆነልኝም።

ከሐኪም ዓይን ልጀምር። በ2001 (ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) አሜሪካ ውስጥ አንድ ጥናት ታትሞ ነበር። ከ500 በላይ የሕፃናት ሐኪሞች የጆሮ ታምቡር ቪዲዮ እያዩ ምን እንደሆነ እንዲናገሩ ተጠየቁ። በአማካይ በትክክል የመለሱት ግማሹን ነው። የአንገት በላይ ስፔሻሊስቶቹ ደግሞ 73 ከመቶውን። ይህን የማነሳው ሐኪሞችን ላሳንስ ብዬ አይደለም። ነገሩ ራሱ ከባድ መሆኑን ለማሳየት ነው። የጆሮ ታምቡር ስፋቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ውፍረቱ ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ አይበልጥም። የሚገኘው ደግሞ ጠመም ባለ ጨለማ ቱቦ መጨረሻ ላይ ነው። መንገዱ ላይ ኩክ አለ። ጆሮው የተሰካው ደግሞ የሚፈራገጥ ልጅ ጭንቅላት ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ነገር በአንድ አፍታ አይቶ መፍረድ ዲግሪ ብቻውን የሚሰጠው ችሎታ አይደለም። ብዙ ጆሮ በማየትና «ተሳስተሃል፣ እንደገና እየው» የሚል ሰው አጠገብ በመኖሩ የሚመጣ ነው።

እኔ እንዴት እንደተማርኩት ልንገራችሁ። ልጁ ሁለት ዓመት አይሞላውም። እናቱ ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። በአንድ እጇ ሁለቱን ክንዶቹን አቀፈች፣ በሌላው ግንባሩን ደረቷ ላይ አስደገፈች። የጆሮውን ቅጠል ወደ ኋላና ወደ ታች ሳብ አደረግኩ። ለትልቅ ሰው ወደ ኋላና ወደ ላይ ነው፤ ለትንሽ ልጅ ግን ቱቦው የሚቀናው ወደ ታች ሲሳብ ነው። ኦቶስኮፑን፣ ማለትም መብራት ያለውን የጆሮ መመልከቻ፣ እንደ እስክሪብቶ ይዤ ትንሿን ጣቴን ጉንጩ ላይ አሳረፍኩ። ልጁ ድንገት ቢወራጭ እጄ አብሮ ይሄዳል፣ ጫፉ ቱቦውን አይወጋውም። ገባሁ። ቀይ ነው! «አገኘሁት» አልኩ። አጠገቤ የነበሩት የአንገት በላይ ሐኪም ረጋ ብለው «እስኪ ያኛውንም እየው» አሉኝ። ያኛውም እኩል ቀይ ነው። ልጁ እኮ አሥር ደቂቃ ሙሉ ሲያለቅስ ነበር። ያለቀሰ ልጅ ታምቡሩ ይቀላል።

ታዲያ ምኑ ነው የሚታየው? ቅርጹ። ጤነኛ ታምቡር ግራጫማ ነው፤ ብርሃን ያሳልፋል፤ ትንሽ ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው። መዶሻ የምትባለው ትንሽ አጥንት እጀታዋ በላዩ ላይ ተጋድማ ትታያለች። ከሥር በኩል ደግሞ ሾጣጣ የብርሃን ነጸብራቅ አለ። ከኋላው መግል ሲሞላ ይህ ሁሉ ይጠፋል። ታምቡሩ እንደ ፊኛ ወደ ውጭ ይነፋል፣ አጥንቷ ትሸፈናለች፣ ነጸብራቁ ይበተናል። በ2003 የታተመ አንድ የጥናቶች ግምገማ ይህን በቁጥር አስቀምጦታል። የታምቡሩ መነፋት የማመዛዘኛ ቁጥሩ 51 ነው። ትንሽ መቅላት ግን 1.4 ብቻ። በዚህ ስሌት 1 ማለት «ምንም አልነገረኝም» ማለት ነው፤ ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ምልክቱ ሕመሙ መኖሩን ይበልጥ ይጠቁማል። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም በ2013 መመሪያው ከታምቡሩ ኋላ ፈሳሽ ከሌለ አጣዳፊ የመካከለኛ ጆሮ ብግነት ነው እንዳይባል አሳስቧል።

ለመሣሪያ ነዳፊ ይህ ወርቅ የሆነ መረጃ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ «ቀይ ነው?» መሆን የለበትም። «ወደ ውጭ ተነፍቷል?» ነው መሆን ያለበት። ከጥያቄው ጎን የጤነኛ፣ የቀላ፣ ፈሳሽ ያለበትና የተነፋ ታምቡር ፎቶዎች ይደርደሩ። ፋርማሲስቱ ያየውን ከፎቶዎቹ ጋር ያመሳክር። ሁለቱም ጆሮ ካልታየ ደግሞ መሣሪያው ወደሚቀጥለው ገጽ አያሳልፈው።

አንድ ትንሽ ነገር ልጨምር፤ ነዳፊዎች ሲረሱት አይቻለሁ። ባትሪ። የደከመ ባትሪ ቢጫ ብርሃን ይሰጣል። በቢጫ ብርሃን ጤነኛ ታምቡር ራሱ የደበዘዘና ፈሳሽ ያቆረ ይመስላል። ባትሪው ሲደክም እየደበዘዘ መሥራቱን ከሚቀጥል ኦቶስኮፕ ጭራሽ አልበራም የሚል ይሻለኛል።

ሁለተኛው ነጥብ ላይ ከሐኪሙ ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። መጠየቅ ይቀድማል፣ እውነት ነው። «መጠየቅ ይበቃል» የሚለው ግን አያስኬድም። ጆሮ ላይ የሚሰማ ሕመም ከጆሮ ላይመጣ ይችላል። ከጥርስ ይመጣል፣ ከጉሮሮ ይመጣል፣ ከመንጋጋ መገጣጠሚያ ይመጣል። ሕፃን ጆሮውን የሚጎትተው ስላመመው ብቻ አይደለም፤ ሲደክመውም ይጎትታል። ከጆሮ ከመጣም ከየትኛው ክፍል? ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ያለችውን ትንሽ ጉብታ ሲጫኗት ወይም የጆሮ ቅጠሉን ሲጎትቱት የሚያስጮኸው ከሆነ፣ ነገሩ ብዙ ጊዜ ያለው የውጭው ቱቦ ላይ ነው። እሱ በጠብታ ይታከማል። መካከለኛው ጆሮ ከሆነ ግን ታምቡሩ መሃል ላይ ስላለ የአንቲባዮቲክ ጠብታው አያልፍም። ታምቡሩ ተበስቶ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ያልፋል፣ ግን እንደ ጄንታማይሲንና ኒዮማይሲን ያሉ መድኃኒቶች ወደ ውስጥ ከዘለቁ መስማትን ሊጎዱ ይችላሉ። ታምቡሩ ሙሉ ይሁን የተበሳ፣ በጥያቄ ብቻ ማን በእርግጠኝነት ይነግረኛል?

ጥያቄ የሚቀድምበት ትክክለኛው ቦታ ሌላ ነው። ኦቶስኮፕ ሳይነሳ በፊት መጠየቅና መታየት ያለባቸው ነገሮች አሉ። ከጆሮው ጀርባ አብጦ የጆሮ ቅጠሉን ወደ ፊት ገፍቶታል? የፊቱ አንድ ጎን ወድቋል? አንገቱ ገትሯል? ልጁ ፈዝዟል ወይ መንቃት አቅቶታል? የስኳር ሕመም ያለባቸው አዛውንት ናቸው፣ ሕመሙ እንቅልፍ ይነሳቸዋል፣ ከሚታየውም በላይ ይበረታባቸዋል? ጆሮው ውስጥ የገባ ነገር አለ፣ በተለይ ትንሿ ክብ የአሻንጉሊትና የሰዓት ባትሪ? ያቺ ባትሪ በሰዓታት ውስጥ ሥጋን ታቃጥላለች። ከእነዚህ አንዱ እንኳ ካለ ፎቶ ማንሳት፣ ጠብታ ማማረጥ የለም፤ በሽተኛው በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። ስለዚህ ሲከፈት መጀመሪያ ካሜራ የሚያበራ አፕ ካያችሁ አሠራሩ ከመነሻው ተሳስቷል። ካሜራው የሚከፈተው እነዚህ ጥያቄዎች ካለቁ በኋላ ነው።

አንቲባዮቲክ እንደ ከረሜላ ይታደላል የሚለውን ስጋት አላጣጥለውም። እኔንም ያስጨንቀኛል። ቁጥሮቹ ግልጽ ናቸው። የተለያዩ ሙከራዎችን የሰበሰበው የኮክሬን ግምገማ እንዳሳየው፣ አንቲባዮቲክ ቢወስዱም ባይወስዱም 60 ከመቶ የሚሆኑት ሕፃናት በ24 ሰዓት ውስጥ ይሻላቸዋል። 20 ሕፃናት ቢወስዱ፣ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን በመውሰዱ ብቻ ከሕመም የሚገላገለው አንዱ ነው። 14 ሲወስዱ ደግሞ አንዱ ባይወስድ የማይመጣበት ማስመለስ፣ ተቅማጥ ወይም ሽፍታ ያገኘዋል። ተህዋስያኑ መድኃኒቱን እየተላመዱ መሄዳቸው ሳይቆጠር ነው ይሄ።

ግን እስኪ ልጠይቅ። ዛሬ አንቲባዮቲኩን የሚያሳዝዘው ምንድን ነው? ከሁሉ በላይ ፍርሃት ይመስለኛል። ታምቡሩን ያላየ ሰው «ምናልባት ቢሆንስ» ይላል። ያላየ ሰው እናትን «ይጠብቁ» ለማለት ድፍረት አያገኝም። እኔ ራሴ ኦቶስኮፕ ከመያዜ በፊትና በኋላ ያለሁት ሰው አንድ አይደለሁም። አይቼ «ታምቡሩ ደህና ነው፣ ማስታገሻ ይስጡት» ስል ድምፄ ላይ መተማመን አለ። እናትየዋም ይህን ትሰማዋለች።

በተግባር የተሞከረም አለ። እንግሊዝ ከጥር 2024 መጨረሻ ጀምሮ የማኅበረሰብ ፋርማሲዎች ሰባት ሕመሞችን እንዲያዩ ፈቅዳለች። ከሰባቱ አንዱ ከ1 እስከ 17 ዓመት ያሉ ልጆች አጣዳፊ የመካከለኛ ጆሮ ብግነት ነው። አገልግሎቱን የሚሰጥ ፋርማሲ ኦቶስኮፕ ሊኖረው ግድ ነው። ሕመሙ ቀለል ላለና ታምቡሩ ላልተበሳ ልጅ በመመሪያው መጀመሪያ የሚቀርበው አንቲባዮቲክ አይደለም፣ ሕመም የሚያደነዝዝ የጆሮ ጠብታ ነው። አሞክሳሲሊን የተባለው አንቲባዮቲክ የሚመጣው ሕመሙ ለጠናበት፣ ቀናት ለቆየበት፣ ከጆሮው ፈሳሽ ለሚወጣው፣ ወይም ከሁለት ዓመት በታች ሆኖ ሁለቱም ጆሮው ለታመመ ልጅ ነው።

እንግዲህ ፍሬ ነገሩ የመሣሪያው የመጨረሻ ገጽ ምን ይላል የሚለው ነው። የመጨረሻው ገጽ የመድኃኒት ዝርዝር ብቻ ከሆነ ሐኪሙ ልክ ናቸው፤ ፋርማሲስቱ ከዝርዝሩ አንዱን ይመርጣል። ገጹ የልጁን ክብደት ጠይቆ የፓራሲታሞሉን ልክ የሚያሰላ ከሆነ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ለአንድ ጊዜ የሚሰጠው በኪሎ ከ10 እስከ 15 ሚሊ ግራም ነው፤ ሌሊቱን እንቅልፍ ያጣን ሰው ይህን በጭንቅላት ከማስላት ያድነዋል። ቀጥሎም «ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ይጠብቁ፣ ይህን ካዩ ግን አይጠብቁ» የሚል በትልቁ የታተመ ወረቀት ለእናት ይስጥ። ደግሞም ፋርማሲው የሚከፈለው ለሸጠው መድኃኒት ብቻ ሳይሆን ለምርመራውም መሆን አለበት። ይህን ግን መሣሪያው ብቻውን አይፈታውም፤ አውቃለሁ።

አራተኛው ነጥብ ላይ ነው ከሐኪሙ ጋር በጣም የምንለያየው። «አለ» ወይም «የለም» የሚል ኤአይ።

ቴክኖሎጂው የሚናቅ አይደለም። በ2024 የፒትስበርግ ተመራማሪዎች ከስልክ ጋር በሚገጠም ኦቶስኮፕ ከ635 ሕፃናት የተነሱ 1,151 ቪዲዮዎችን ለኤአይ አስተምረው ውጤታቸውን አሳትመዋል። ከታመሙት 93.8 ከመቶውን ለየ፣ ካልታመሙት 93.5 ከመቶውን ነጻ አለ። ከላይ ካነሳሁት የ2001 ቁጥር ጋር ስታስተያዩት ትልቅ ነገር ነው። በ2019 ደግሞ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በስልክና ከወረቀት በተጠቀለለ ፈንል ብቻ እንደ ወፍ ጭጭታ ያለ ድምፅ ወደ ጆሮ ልከው፣ ከታምቡሩ የሚመለሰውን ማሚቶ በማድመጥ ከኋላው ፈሳሽ መኖሩን ለይተዋል። በዚህ ሥራ ደስ ብሎኛል፣ ከልቤ።

አሁን ግን ቁጥሩን ባንኮኒ ላይ እናምጣው። መሣሪያው 94 ከመቶ ልክ ነው እንበል። ግማሾቹ በእርግጥ የታመሙበት ክሊኒክ ውስጥ 1,000 ልጆች ቢያይ፣ ከ500ዎቹ ጤነኞች 30ዎቹን «ታመዋል» ይላል። «አለ» ካላቸው ሁሉ የተሳሳተው ከመቶ 6 ነው። ፋርማሲ ግን ሌላ ቦታ ነው። ጆሮውን የነካካ፣ ጉንፋን የያዘው፣ ጥርስ የሚያወጣ ልጅ ሁሉ ይመጣል። ከ1,000ው የታመሙት 100 ብቻ ናቸው እንበል። መሣሪያው 94ቱን ያገኛል። ከ900 ጤነኞች ግን 54ቱን በስህተት «ታመዋል» ይላል። «አለ» ካላቸው 148 ልጆች 54ቱ ጤነኞች ናቸው፤ ከሦስት አንድ በላይ! መሣሪያው አልተበላሸም፣ የተቀመጠበት ቦታ ነው የተለወጠው። ፋርማሲስቱ ራሱ ማመዛዘን ከተከለከለ እነዚያን 54 ልጆች ማን ያስጥላቸዋል? በሦስተኛው ነጥብ የፈሩት የአንቲባዮቲክ ጎርፍ የሚመጣው እኮ በዚህ በር ነው።

የወረቀት ፈንሉም ቢሆን የሚለው «ፈሳሽ አለ» ነው። ፈሳሽ ኢንፌክሽን ካለፈ በኋላ ለሳምንታት ሊቀር ይችላል፤ ሕመም የለውም፣ አንቲባዮቲክም አይፈልግም። ለ«አለ» እና «የለም» የተሠራ ሳጥን ይህን የት ያስገባዋል?

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ሦስተኛው መልስ ነው። «አልታየኝም» የሚለው። ከዓመታት በፊት በሙከራ ላይ የነበረ አንድ የጆሮ ምርመራ ቅጽ እንድንሞላ ተሰጥቶን ነበር። ሁለት ሳጥን ብቻ ነበረው፦ «ጤነኛ» እና «ጤነኛ ያልሆነ»። አንድ አባት መጡ። ስመለከት ኩክ ሞልቶታል፤ ከጥቁር ቡናማ ግድግዳ ሌላ የሚታይ የለም። ምን ልጻፍ? ጤነኛ ያልሆነ ብል ያላየሁትን መናገር ነው። ሰልፉ ረዝሟል። «ጤነኛ» ላይ ምልክት አደረግኩ። ከአራት ቀን በኋላ ትራሳቸው መግል በመግል ሆኖ ሐኪም ዘንድ ሄዱ። ያንን ወረቀት ዛሬም አልረሳውም። የፈረምኩበት እኔ ነኝና ጥፋቱ የእኔ ነው። ቅጹ ግን ለእውነተኛው መልስ ቦታ አልነበረውም።

ስለዚህ የምንነድፈው ማንኛውም መሣሪያ፣ ወረቀት ይሁን አፕ ይሁን ኤአይ፣ «አልታየኝም» የሚል ቁልፍ ይኑረው። ከሌሎቹ እኩል ትልቅ፣ በቀላሉ የሚጫኑት። ሲጫኑትም ስህተት እንደሠሩ ቀይ መብራት አያብራ። ለምን እንዳልታየ ይጠይቅ፦ ኩክ ነው? ልጁ እምቢ አለ? ቱቦው አብጧል? ከዚያ ቀጣዩን እርምጃ ያሳይ። ኤአዩም ምስሉ ደብዝዞ ወይም ታምቡሩ ግማሽ ብቻ ገብቶ ከሆነ መልስ አይስጥ፤ «እንደገና አንሳ» ይበል። ሲመልስም ቃሉን ብቻ ሳይሆን ያየውን ያሳይ፦ «እዚህ ጋ ተነፍቷል፣ እዚህ ጋ አጥንቷ አትታይም»። ያኔ ፋርማሲስቱ ይስማማል ወይም «አይ፣ ይሄ እኮ ኩክ ነው» ይላል።

ጊዜ የለም ለሚለው ብዙ አልልም። ሁለቱን ጆሮ ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። «ለምን አንቲባዮቲክ አትሰጠኝም» የሚለው ክርክር ነው ጊዜ የሚበላው፤ እሱ ደግሞ ታይቶ ሲነገር ያጥራል። እውነተኛው ችግር ወንበርና መጋረጃ ነው። እናት ልጇን ይዛ የምትቀመጥበት ጥግ ያስፈልጋል። ደግሞ ምርመራው ሁለቱንም እጅ ይይዛል። በአንዱ ጆሮ ይሳባል፣ በሌላው ኦቶስኮፕ ይያዛል። መሃል ላይ ስክሪን ንካ የሚል መሣሪያ ሦስተኛ እጅ ያለው ሰው አስቦ የተሠራ ነው። የሚጻፈው ሁሉ ከምርመራው በኋላ ይሁን።

ሐኪሙ በዚሁ ነጥብ ሥር ፋርማሲስት የላከውን በሽተኛ እሳቸው ከዜሮ እንደሚጀምሩት ጽፈዋል። አልፈርድባቸውም፤ እስካሁን የምንልካቸው ደብዳቤዎች «ጆሮውን ያመዋል» ከማለት አያልፉም። መሣሪያው ፎቶውን ከሰዓቱ፣ ከልጁ ሙቀትና ከተሰጠው ማስታገሻ ጋር አብሮ ቢልክ ግን ከዜሮ አይጀምሩም። ትናንት ማታ የነበረውንና ዛሬ ጠዋት የሆነውን ታምቡር ጎን ለጎን ያያሉ። እሳቸው ምን እንዳገኙ ደግሞ አንድ መስመር ወደ እኔ ይመለስ። እኔ የምማረው ከዚያች መስመር ነው።

ዶክተር፣ አንድ ነገር ልለምንዎት። በሥራ ዘመንዎ ያሳሳቱዎት ታምቡሮች እንዳሉ አልጠራጠርም፤ ቀይ ሆነው ጤነኛ የነበሩ፣ ደህና መስለው መግል ያዘሉ። የባለቤቶቹ ስም ይሰረዝና ፎቶዎቹን ይስጡን። ከጥያቄው ጎን የምንደረድራቸው እነሱን ነው።